ለባልሽ ንገሪው

«ለባልሽ ንገሪው፤ መስኮቱን ይዝጋ!» አለ ሊቀመንበሩ።

ባልየው ከእሱ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጧል፤ ጆሮውም ደህና ነው። ከፊታቸው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የቆመ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ቁጥቋጦውን እየዋጠ ይንከባለላል። ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ነዳጅ ሰጠ። ሞት እንዲህ ፊት ለፊት ሲመጣም በዚያ መኪና ውስጥ ቃል የሚያልፈው በመሃላቸው በተቀመጠችው ሴት በኩል ብቻ ነበር።

«መስኮቱን ዝጋው» አለች ለባሏ።

«ለወንድምሽ ንገሪው፤ እጀታውን የሰበረው ራሱ ነው! ያ እጁ የነካው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?»

ወደ ወንድሟ ዞረች። «አልዘጋ ብሎታል።»

አቧራው መታቸው። መኪናው ተንገዳገደ፣ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አፍንጫውን ደፍቶ ቆመ። አሸዋው በመስኮቱ እየተገፋ ገብቶ አፋቸውን ሞላ፣ ጆሯቸውን ሞላ፣ የሊቀመንበሩን የከረባት ቋጠሮ ሞላ። አዎ፣ ከረባት። በበረሃ መሃል። ነፋሱ ጣሪያውን ሲደበድብ ሁለቱ ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ያስሉ ነበር፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ፋታ እየጠበቀ፣ በሳልም እንኳ እንዳይገናኙ።

ነፋሱ ሲያልፍ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ተቀብረዋል። ሹፌሩ አካፋ አወረደ። ባልየው፣ ቄስ ነው፣ በመዝሙር መጽሐፍ ጠንካራ ሽፋን አሸዋ መዛቅ ጀመረ። ሊቀመንበሩ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ስለ ጎማው ረጅም ጸሎት ከፈተ።

«ሊቀመንበር» አለ ሹፌሩ ቀና ሳይል፣ «ጸሎቱስ ደህና ነው። እጅዎንም ቢጨምሩበት።»

እነዚህ እንግዲህ የእግዚአብሔር መልእክተኞች ናቸው። ሴትዮዋ የክሊኒክ ነርስ ስትሆን አገሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ በሥጋ እህት የሆነችው ግን ለሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ የመጋዝ ቤት ባለቤት ነው፤ የአንዲት ሉተራን አጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤን ዐሥራ አንድ ዓመት ሲመራ፣ በዐሥራ አንዱም ዓመት ከጉባኤው የሚበልጥ ነገር በምድር ላይ እንዳለ አልተነገረውም። ባሏ የዚያው አጥቢያ ቄስ ነው፤ በየእሁዱ ጠላትህን ውደድ እያለ የሚሰብክ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን የሚስቱን ወንድም ማየት የማይወድ።

ጠባቸው የተነሳው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ ስለ ወንበር አሰላለፍ አርባ ደቂቃ ተናገረ። በአርባ አንደኛው ደቂቃ ቄሱ ጎንበስ ብሎ ማይክሮፎኑን ነቀለበት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ሊቀመንበሩ የጌታን እራት ከእጁ ሲቀበል እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ምእመናኑ ግን ከመንፈሳዊነት ቆጠሩለት።

የሚመላለሰው ቃል ሁሉ በሲስተር በኩል አለፈ። እሷም ቃሉን እንደተቀበለች አድርሳ አታውቅም። ስድቡን ታወጣለች፣ መርዙን ታጠባለች፣ ቀሪውን በለስላሳ አፍ ታቀብላለች። በዚህ ትኮራ ነበር። ሁለቱንም ከልቧ ትንቃቸው ነበር፤ ንቀቷ ግን ሥራዋን አላስተጓጎለውም፤ እንዲያውም ሥራውን ያጣፈጠላት እሱ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከድንበር ማዶ፣ ከዚያኛው አገር ሉተራን ወንድሞች ደብዳቤ መጣ። ድንበሩ የመንግሥት እንጂ የአፍ አልነበረምና ቋንቋው አንድ ነው። «ሽማግሌ ላኩልን፤ እጅግ ቸግሮናል» ይላል። የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላት አንዲት ደቂቃም አልተጠራጠሩም፤ ሽማግሌ ማለት እነሱ ናቸዋ!

«ልምዳችንን ሊቀስሙ ነው የፈለጉን» አለ ሊቀመንበሩ። ሠላሳ አንድ ገጽ ንግግር ጽፎ በትልቅ ጥቁር ሻንጣ ውስጥ አስቀመጠ። የሚያገኙት ቄሶችን ስለሆነ ቄስ መሄድ አለበት ተባለ፤ ቄሱና ሊቀመንበሩ እንዲሰማሙ ደግሞ ሲስተር።

ከሻንጣው ሌላ፣ ሊቀመንበሩ በደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዟል። የሁለቱንም አገር አጥቢያዎች ለሚመሩት ለቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት የሚሰጥ ነው፤ እሳቸውም ማዶ እየጠበቋቸው ነው። ደብዳቤው ቄሱ ከአጥቢያው እንዲነሳ ይጠይቃል። ቄሱ ከተነሳ የቄሱ ቤት ይለቀቃል፤ የጓሮው አትክልት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ፣ ሲስተር ሃያ ዓመት የሠራችበት ኑሮ ሁሉ ይቀራል። ይህን ታውቃለች። የምታውቀው ደግሞ ወንድሟ ራሱ «ፊደሉን አርሚልኝ» ብሎ ስለሰጣት ነው። «ሥልጣን»ን በእሳቱ ሰ፣ «ኃላፊነት»ን በሃሌታው ሀ ጽፎት ነበር። አረመችለት። መልሳ ሰጠችው። በመንገድ ላይ አባብዬ አስቀረዋለሁ ብላ ነበር፤ ማባበል ሙያዋ ነዋ። ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም።

አሸዋውን አልፈው በማግስቱ ጫካ ገቡ። ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው ሰማዩን ዘግተዋል፤ መንገዱ የጎማ ሳይሆን የሰኮና ነበር። አንድ ጉብታ ላይ ሞተሩ ሞቆ ቆመ። ሁለቱ ሰዎች እግራቸውን ሊያፍታቱ ወረዱ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።

አንድ ጎሽ ከቁጥቋጦው ሲወጣ ድምፅ አላሰማም። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ቀንዱ ላይ ጭቃ የደረቀበት። አንገቱን ዝቅ አደረገና መሬቱን ጫረ።

«ሩጡ!» ሹፌሩ ጮኸ።

ሮጡ። ሊቀመንበሩ የዚያን ያህል ሆድ ተሸክሞ እንደዚያ ይሮጣል ብሎ የገመተ ማንም የለም። በአካባቢው የሚወጣበት ዛፍ አንድ ብቻ ነበር። ቄሱ ከወዲህ፣ ሊቀመንበሩ ከወዲያ እየቧጠጡ ወጡና አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተገናኙ። ጎሹ ግንዱን አንድ ጊዜ ገጭቶ ሞከረውና የሚሻል ጠላት አገኘ። ወደ መኪናው ዞሮ የፊት ለፊቱን ብረት እስከ ራዲያተሩ ቀደደው። ውስጥ ሲስተርና ሹፌሩ ወለሉ ላይ ተለጥፈዋል፤ የአውሬው ትንፋሽ ባልተዘጋው መስኮት እየገባ ይሸታቸዋል።

«ሲስተር!» አለ ወንድሟ ከላይ። «ለባልሽ ንገሪው፤ ይሄን የሞተ እግሩን ከትከሻዬ ላይ ያንሳ!»

«ለወንድምሽ ንገሪው፤ ቅርንጫፉ የአባቱ ርስት አይደለም! ሆዱን ይሰብስብ!»

ሲስተር አንገቷን ሳታነሳ ጮኸች። «ጠጋ በልልኝ ይልሃል! ... ጋሼ፣ ጠቦኝ ነው፣ ይቅርታ ይልሃል!»

ሹፌሩ ከወለሉ ላይ አያት። «ሲስተር፣ እኔ እኮ ያሉትን ሰምቻለሁ። እርስዎ የሚያደርሱት ሌላ ነው።»

«ዝም በል።»

«እሺ። ጎሹም የሰማ ይመስለኛል እንጂ።»

ጎሹ እስኪሰለቸው ድረስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዛፉ ላይ ቆዩ። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ክንድ ለክንድ ተጣብቀው፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ እያዩ። ጦጣዎች ከማዶ ሆነው ሲያዩዋቸው ነበር፤ የእነሱ መንጋ ቢያንስ ይነጋገራል።

መኪናው ሞተ። ከዚያ በእግር ሆነ። ጫካው ሲያልቅ መሬቱ ወደ ገደል ወረደ፤ ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር እየሸሸ፣ ፀሐይዋ ከአለቱ እየነጠረች ፊታቸውን ትገርፈዋለች። ውሃ በኮዳ ክዳን እየለኩ ጠጡ። ቄሱ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሲነሳ ጉልበቱ ደምቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ሻንጣውን አንዴ በራሱ አንዴ በጀርባው እያዞረ ተሸከመ።

«ሊቀመንበር፣ ይጣሉት» አለ ሹፌሩ። «ይገልዎታል።»

«ጉባኤ ፊት በባዶ እጄ ልቁም?»

ሹፌሩ የሚለው ነበረው፤ ግን ለመናገርም ምራቅ ያስፈልጋል።

ከገደሉ ሥር፣ ከድንበሩ ወዲያ፣ አንድ ወንዝ አገኙ። ቡናማ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ላይ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ከሥሩ ድንጋይ ያጓራል። ከማዶ የቆርቆሮ ጣሪያና መስቀል ይታያል። ከወዲህ ዳር ጥሩ ታንኳ ታስሯል፤ ታንኳውን ቆመጥና ገጀራ የያዙ ስድስት ሰዎች ይጠብቁታል።

«ባላችሁበት ቁሙ!» አለ አንደኛው ገጀራውን አንስቶ። «የማን ናችሁ? ወንጌል ሲነበብ ትቆማላችሁ ወይስ ትቀመጣላችሁ?»

ሽፍታ ነው ብለው የጠበቁ ሰዎች አፋቸው ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ከረባቱን አስተካከለ። «በእኛ አጥቢያ ወንጌል ሲሆን እንቆማለን፤ የሐዋርያት መልእክት ሲሆን...»

«ግማሽ ተቀማጭ!» አለ ባለገጀራው ለጓደኞቹ። «ታንኳውን የነካ እጁን ነው!»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። የዚህች አገር ሉተራኖች ከአራት ዓመት በፊት ለሁለት ተከፍለዋል። ወንጌል ሲነበብ መቆም አለብን የሚሉት ቆሚዎች ከነቄሳቸው ወዲህ ዳር ቀሩ፤ ተቀምጠን እንስማ የሚሉት ተቀማጮች ከነቄሳቸው ማዶ ቤተ ክርስቲያኑን ያዙ። ታንኳው የቆሚዎች ሆነ። ታንኳው የሚሳብበት ገመድ ደግሞ የተቀማጮች። ታንኳ ያለ ገመድ አይሻገርም፣ ገመድ ያለ ታንኳ ሰው አይጭንም። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሰው የሚሻገረው በእግሩ ነው። ወንዙ በእነዚህ ዓመታት ሦስት ሰው ወስዷል። ሦስት ሰው፣ ስለ ቂጥና ወንበር! ማዶ ያሉትም እንግዶቹን ሲያዩ ቆሚዎች መስለዋቸው ድንጋይ ይዘው ወደ ዳር ወረዱ።

ከወዲያም ከወዲህም ድንጋይ የማይወረወርበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ ዘበኛ፣ ረጅም በትር የያዙ አባባ። በሁለቱ ቄሶች መሃል መልእክት ሲያመላልሱ የወንዙን ድንጋይ አንድ በአንድ አውቀውታል።

«ከኋላዬ ተከተሉኝ» አሏቸው። «እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጡ። ውሃው ሲያሳስቃችሁ አትመኑት፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

ገቡ። ውሃው ከጉልበት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ወጣ። ዘበኛው ቀደሙ፣ ቄሱ ተከተለ፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ ሻንጣውን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ ሲስተር፣ መጨረሻ ሹፌሩ። ከመሃል ሲደርሱ ሻንጣው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሊቀመንበሩ አብሮት አዘነበለ። እግሩ ከድንጋዩ ወጣና ወንዙ ነጠቀው።

ሁለት ክንድ ያህል ወስዶ ከአንድ አለት ጋር አላተመው። በአንድ እጁ አለቱን ቧጠጠ፤ በሌላው ሻንጣውን አንቆ ያዘ። ጣቶቹ ከአለቱ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። ቄሱ በደረቱ ውሃውን ቀዶ እጁን ዘረጋ። አንድ ስንዝር ቀረው።

«ሲስተር!» አለ ሊቀመንበሩ። «ለባልሽ ንገሪው...» ውሃ አፉን ሞላው።

ቄሱም፣ ማመን ያስቸግራል፣ ዞሮ ሚስቱን አያት። መልእክቱን ይጠብቅ ነበር።

ሲስተር አፏን ከፈተች። ልማዷ ነውና የሚያቀርብ ለስላሳ ቃል ፈለገች። ሰው እየሰመጠ ምን ቃል ታለሳልሳለች? ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ የቆየው ንቀት አንድ ጊዜ ገነፈለ።

«እኔን አትዩኝ! አፍ የላችሁም?! ራሳችሁ ተነጋገሩ!»

ቄሱ ወደ አማቹ ዞረ። ፊቱ ቀላ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ከቄስ አፍ ወጣ።

«አንተ ደደብ! ሻንጣውን ልቀቅና እጅህን ስጠኝ!»

«ደደብስ አንተ!» አለ ሊቀመንበሩ፤ ሻንጣውንም ለቀቀ።

እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሠላሳ አንዱ ገጽ ጥቁር ሻንጣውን ለብሶ ወደ ታች ተጓዘ፤ ሁለት ጊዜ ተገለበጠና ጠፋ። ማኅበረ ምእመናን ከዚያ የበለጠ በረከት አግኝቶ አያውቅም።

ማዶ ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ውሃ እየተፉ መሰዳደብ ጀመሩ። «ማይክሮፎኔን ከአፌ ላይ!» «አርባ ደቂቃ! ስለ ወንበር አርባ ደቂቃ!» «ስብከትህ እንቅልፍ ነው!» «ጸሎትህ ማስታወቂያ ነው!» «እናቴ ስትሞት» አለ ቄሱ፣ «ለቅሶህን በሰው ነው የላክህብኝ!» «በርህን ዘግተህብኝ!» ሊቀመንበሩ ፊቱን በእርጥብ እጅጌው ጠረገ። ቄሱ ጎንበስ ብሎ የጠፋ ጫማውን ፈለገለት።

ሲስተር ከዘበኛው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር።

«አባባ፣ መልእክቱን እንደነገሩዎት ነው የሚያደርሱት?»

«ኧረ ልጄ! ስድቡን እዚያው ወንዙ ውስጥ ጥዬው ነው የምሻገር። አጣፍጬ ነው የማደርስ» አሉ ኮራ ብለው። «አራት ዓመት ሙሉ! እኔ ባልኖር እኮ ይኼኔ ተላልቀው ነበር።»

ሲስተር ሁለቱን ጭቃ የለበሱ ሰዎች አየች። ጥሬውን ቃል ተቀባብለዋል፤ ማንም አልተላለቀም። አንዱ የሌላውን ጫማ ይዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም እየጠበቅሁ ነው ስትል ጠቡን በጥላ ሥር ስታኖረው ቆይታለች። ከሦስቱ ማን የበለጠ እንደሚናቅ ገባት።

ፕሬዚዳንቱና ተቀማጮቹ እየሮጡ ደረሱ። «ሽማግሌዎቻችን መጡ!» አሉ። «ጌታ ይመስገን! እኛንና የወዲያ ዳሮቹን ልታስታርቁ ይህን ሁሉ መንገድ!»

«ምን?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሽማግሌ ላኩልን ብለን አልነበር የጻፍነው? አስታራቂ!»

ሊቀመንበሩ ቄሱን አየው፣ ቄሱም ሊቀመንበሩን። ሹፌሩ ካልሲውን እየጨመቀ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለ፤ ማንም አልተቆጣውም።

የተቀማጮቹ ቄስ ግን ጊዜ አላጠፋም። ከወንዙ ማዶ የቆሚዎቹ ቄስ እጁን በወገቡ አድርጎ ቆሟል። «አባባ» አለ ዘበኛውን፣ «ይሻገሩና እንዲህ ይበሉት...»

ሲስተር ተነስታ የሽማግሌውን በትር ያዘች። «አባባ፣ ተቀመጡ። ዛሬ የሚሻገር የለም።»

«ታዲያ ማን ያድርስለት?»

«አፍ አለው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ በትራቸውን ሳቡ። ከዚያ ወንዙን አዩ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን አዩ፣ ዝግ ብለውም ተቀመጡ። የተቀማጮቹ ቄስ ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ቀረ። በመጨረሻ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ የጮኸው ለቄስ የሚገባ ቃል አልነበረም። መልሱም ከማዶ የባሰ ሆኖ መጣ። ተሰዳደቡ፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ። ከዚያ የሦስቱን ሟቾች ስም አንዱ ጠራ፣ ሌላው ደገመው፤ ከሁለቱም ዳር ሰዎች ድንጋያቸውን አስቀመጡ። ፀሐይዋ ከገደሉ አፋፍ ሳትደርስ ገመዱ ተወርውሮ ታንኳው ላይ ታሰረ።

ሰው ሁሉ ወደ ገመዱ ሲሮጥ ሊቀመንበሩ በላስቲክ የተጠቀለለውን ደብዳቤ ከደረቱ አወጣ። ሰውየው እስከ አጥንቱ ረጥቦ ደብዳቤው ደረቅ ነበር። ፕሬዚዳንቱ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመዋል። ወደ እሳቸው አየ፤ ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ ዘረጋላት።

«ለባልሽ...»

ሲስተር እጇን አጣጥፋ ቆመች።

በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንዱ ባዶ፣ ራሱ ወደ ቄሱ ሄደ። «ለፕሬዚዳንቱ የምሰጠው ነበር» አለው። «አንብበውና ቅደደው። ብትመታኝም አልሸሽም።»

ቄሱ አነበበው። አንዴ አነበበው፤ ደገመው። ቤቱን፣ መድረኩን፣ ሃያ ዓመቱን የሚወስደውን ወረቀት በሁለት እጁ ያዘ። ሊቀመንበሩ ጥፊ ጠበቀ። ቄሱ ግን ቅንድቡን ቋጥሮ አንዲት መስመር ላይ ቆመ።

«ይሄ ያንተ ጽሕፈት አይደለም» አለ። «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው «ሥልጣን»ን በንጉሡ ሠ የጻፍከው? ማነው ያረመልህ?»

ሊቀመንበሩ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ከእሱ ቀድሞ ወደ እህቱ ሄደ። ባሏም ተከትሎ አያት።

ሲስተር ቢያንስ ሦስት ለስላሳ መልስ ታውቃለች። ሦስቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር።

«እኔ ነኝ ያረምኩት» አለች። ምንም አላጣፈጠችበትም።